ገዢዎች አዲስ ሐሳብን ለምን ፈሩ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ገበሬ የለም። አያቶቻችን ይህን ሲሉ ለቀልድ አልነበረም። ሰማይ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ እንደማይቻል ሁሉ ንጉሥን ሒሳብ መጠየቅም አይቻልም ማለታቸው ነው። ንጉሡ ቀርቶ መልከኛውን ወይም ደሚኑን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትልቅ ድፍረት ነበር። የዘንድሮ ግብር ስንት ነው? ከአምናው ለምን በለጠ? የከፈልኩት የት ገባ? እነዚህን ጥያቄዎች በሆዱ ይዞ የኖረ ብዙ ነው። በአፉ ያወጣቸው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ትምህርት የምናነበው ጥያቄዎቹን በአፍ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይ ስላወጡ አንድ ሰው ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላሉ። የመጨረሻ ሥራቸው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጉምሩክ ውስጥ ነበር። እንደ እርሳቸው ያለውን ሰው የቤተ መንግሥትና የቤተ ክህነት ባለሥልጣኖች ለምን ፈሩ? መልሱን አብረን እንፈልግ።

ወደ ድሬዳዋ ከመምጣታችን በፊት ግን ጥቂት ራቅ ብለን ወደ ፈረንሣይ አገር እንሂድ። ይህ ሐሳብ ብዙ ጭቅጭቅ ካስነሣባቸው አገሮች አንዱ እርሱ ነውና።

ኩራዙ ሲበራ

ከ250 ዓመት በፊት የነበረውን የፈረንሣይ ገበሬ ኑሮ አያቶቻችን ቢያዩት እንግዳ አይሆንባቸውም ነበር። ንጉሡ «ሥልጣኑን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው፤ መልስ የምሰጠውም ለእርሱ ብቻ ነው» ባይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከአዝመራው አስራት ትወስዳለች። መኳንንቱና ካህናቱ ከአብዛኛው ግብር ነፃ ናቸው። ታዲያ ሸክሙ በማን ላይ ወደቀ? በአራሹ ላይ ነዋ።

በዚያ ዘመን ቮልቴር፣ ሩሶ፣ ዲድሮ የሚባሉ ጸሐፊዎች ተነሡ። ሁሉም በሁሉ ነገር አልተስማሙም። ዋናው ሐሳባቸው ግን ይህን ይመስላል፦ ለሰው አእምሮ የተሰጠው እንዲያስብበት ነው። አንድ ነገር እውነት የሚሆነው ትልቅ ሰው ስለተናገረው ሳይሆን ተመርምሮ ሲረጋገጥ ነው። ገዢም በሕግ ሥር ይሁን። ማንም ሰው በሃይማኖቱ ምክንያት አይቀጣ። ይህ አስተሳሰብ «አብርሆት» ይባላል። ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ማብራት ማለት ነው።

ጨለማ ቤት ውስጥ ኩራዝ ሲበራ የሚታየው መደቡና ምሰሶው ብቻ አይደለም። ጎተራው ሥር የተደበቀችው አይጥም ትታያለች። የኩራዙ ጠላት ማን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ዲድሮ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1751 ነው። መጽሐፉ በዚያን ጊዜ የታወቀውን ዕውቀት ሁሉ በፊደል ተራ የሚያስረዳ ነበር። ሲያልቅ 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ቅጾች ሆነ። በሥዕሎቹ ውስጥ ምን ያለ ይመስላችኋል? ነገሥታትና ጦርነት? የለም። ማረሻ አለ። ሸማኔ አለ። ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ዳቦ ጋጋሪ አሉ። ሥራቸው እንዴት እንደሚሠራ፣ መሣሪያቸው ምን እንደሚመስል አንድ በአንድ ተስሏል።

ይህን መጽሐፍ የንጉሡ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1752 አገደው። እንደገና ተፈቅዶ እ.ኤ.አ. በ1759 ፈቃዱን ሰረዘው። በዚያው ዓመት የሮማው ጳጳስም አወገዙት። ማረሻ የተሳለበት መጽሐፍ ምኑ ያስፈራል? የሚያስፈራው እዚህ ላይ ነው። አራሽና ሸማኔ የአገር ሀብት ምንጭ ናቸው ከተባለ፣ «ታዲያ የማያርሰውና የማይሸምነው ለምን ግብር አይከፍልም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የሃይማኖት ነገር በአእምሮ ይመርመር ከተባለም «አስራቱን ማን አዘዘ?» የሚል ይመጣል። ጥያቄ እንደ በግ ነው። አንዱ በር ካለፈ ሌላው ይከተለዋል።

ሁሉም ባለሥልጣን ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። መጻሕፍትን እንዲቆጣጠር በንጉሡ የተሾመው ማልዜርብ የሚባለው ሹም፣ የዲድሮ ጽሑፍ እንዲያዝ ትእዛዝ በወጣ ጊዜ ወረቀቱን ወስዶ ገዛ ቤቱ ደበቀለት። ፈላጊው ራሱ ደባቂ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሰው ልብ በሉት፤ በእኛም አገር መሰሎቹን እናገኛለን።

ባቡር ዕቃ ብቻ አይጭንም

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እስቲ ወደ ቤታችን እንመለስ።

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ነገር ግን ተራራውን መውጣቱ ወጪው ስለከበደ ከሥር ባለው ሜዳ ላይ ቆመ። በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። በደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ተቆረቆረ። በባቡሩ ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ አቡጀዲና ሌላም የፋብሪካ ዕቃ ገባ። አረቡ፣ ህንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ መጥቶ ሱቅ ከፈተ። ፈረንጅ የካቶሊክ መነኮሳት ደግሞ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ቅዱስ አልዓዛር ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ ትልቅ የአማርኛና የፈረንሣይኛ መዝገበ ቃላት የታተመው በዚሁ በድሬዳዋ ማተሚያ ቤት ነው። ባቡር ዕቃ ይጭናል፣ ሰው ይጭናል፤ ሰው ደግሞ ሐሳብ ይጭናል።

ገዢዎቻችን በዚህ ነገር ሁለት ልብ ነበሩ። አፄ ምኒልክ ባቡሩንም፣ ስልኩንም፣ ጠመንጃውንም ወደዋል። በጥር 1900 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ» እያሉ፣ ሸማ የሚሠራውንም በሥራው እያዋረዱ መስደብ ቀርቶ ሠራተኛ ይከበር አሉ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የዲድሮን ሥዕሎች ያስታውሰናል። ሆኖም አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ሠራተኛው የሚከፍለውን አልነካም።

ትምህርት ቤትም አሰቡ። በዚህ ጊዜ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ተቃወሙ። የፈረንጅ አስተማሪ ከመጣ ሃይማኖት ይጠፋል ብለው ሰጉ። አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበርና። በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። አስተማሪዎቹ ከአውሮፓ መሆናቸው ቀርቶ ከግብፅ ከራሷ ከቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እንዲመጡ ሆነ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው በዚህ ዓይነት ነው። ፈረንሣይኛና ሒሳብ ይማሩ፤ ግን አስተማሪው ከእኛ ሃይማኖት አይውጣ። እንደዚያ ነበር መታረቂያው።

ቤተ ክህነት ለምን ፈራች?

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛን ይጠብቅ። የካህናቱ ፍርሃት እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ ሚስዮናውያን መጥተው ንጉሡን አሳመኑ። ንጉሡም የሮማን ሃይማኖት በአዋጅ አገሩ ላይ ጫኑ። ከዚያ የተነሣ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ሱስንዮስ አዋጁን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ያን ጊዜ የደረሰው መከራ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ስለዚህ ካህኑ የፈረንጅ መጽሐፍ ሲያይ ከኋላው ጠመንጃ አለ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የአድዋ ጦርነትም ገና ቅርብ ነበር።

ደግሞም ይህን የምታነቡትን ፊደል ከዘመን ወደ ዘመን ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያን ናት። የቆሎ ተማሪው ለምኖ እየበላ ዳዊት የደገመው፣ ቅኔ የተቀኘው በእርሷ ጥላ ሥር ነው። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ደግሞ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ልጆችን ማንበብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የሃይማኖት አባቶች የትምህርት ጠላት ነበሩ ብሎ በደፈናው መናገር ውሸት ነው።

ይሁን እንጂ ከእምነቱ ጎን ሌላ ነገር ነበር። እርሱ ጥቅም ነው። ቤተ ክርስቲያን የጉልትና የሰሞን መሬት ነበራት። በዚያ መሬት ላይ ያለው ገበሬ ለደብሩ ይገብራል። ጳጳሱ ንጉሡን ይቀባል፤ ንጉሡ ለደብሩ መሬት ይሰጣል። አንዱ የሌላው ምሰሶ ነው። አንዱ ምሰሶ ሲነቀነቅ ጣሪያው በሙሉ ይነቀነቃል። አፄ ቴዎድሮስ በአንድ ደብር ያሉትን ካህናት ቁጥር ልቀንስ፣ ትርፉን መሬት ለጦሩ ልስጥ ባሉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር የተጣሉት በዚህ ነው። ቴዎድሮስ ፈረንጅ አልነበሩም፤ ዳዊት ደጋሚ ክርስቲያን ነበሩ። መሬቱን ሲነኩ ግን ጠላት ሆኑ።

የቤተ ክህነት ትልቁ መሣሪያ ግዝት ነው። ከግዝት የሚበልጥ መድፍ አልነበረም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ይህ በግልጽ ታይቷል። ኢያሱ በዚያን ጊዜ በእኛ በሐረር በኩል ነበሩ። ከእስላሙ ሕዝብ ጋር ተቀራርበው፣ መስጊድ ገብተው ነበር። መኳንንቱ «ሃይማኖቱን ለወጠ» ብለው ከሰሱ። አቡነ ማቴዎስም መኳንንቱን ለኢያሱ ከገቡት መሐላ ፈቱ። ኢያሱ የአስተዳደር ጥፋት አልነበረባቸውም አንልም፤ ነበረባቸው። ግን የተከሰሱት በአስተዳደር ጥፋት አይደለም። ገበሬው ስለ ግብሩ ያቀረበው ክስ ማንንም ከዙፋን አውርዶ አያውቅም። የሃይማኖት ክስ ግን በአንድ ቀን አወረደ።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያምም አሉ። የበጌምድር ሰው፣ በግዕዝ የበሰሉ ሊቅ ናቸው። ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ በርሊን ከተማ ግዕዝና አማርኛ አስተምረዋል። አገራቸው ሲመለሱ ግን «ሃይማኖት አፋልሰሃል» ተብለው ተከሰሱ፤ ታሰሩም። ፈረንጅ ያከበረውን ሊቅ የገዛ አገሩ በሰንሰለት ተቀበለው።

መንግሥት ለምን ፈራ? ገበሬው ራሱ ደመወዝ ስለነበረ

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንገባለን።

በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርጌ በአፄ ምኒልክ ግዛት ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ የተሾመው ሹምና የዘመተው ወታደር ደመወዙን በገንዘብ አልተቀበለም። ገባር ተቆጠረለት። ለዚህ ሹም ይህን ያህል ገበሬ፣ ለዚያ ወታደር ያን ያህል ተብሎ ተመደበ። ገበሬው አስራት ይከፍላል። ሁዳድ ያርሳል። አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይሰብራል። ሚስቱ ዱቄት ትፈጫለች። እንግዳ ሲያልፍ ድርጎ ያቀርባል። ለበዓል ማር ወይም ሙክት ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ የት ተጽፏል? የትም አልተጻፈም። ስንት ነው? ሹሙ የፈለገውን ያህል ነው።

እንግዲህ ገበሬው ግብር ከፋይ ብቻ አልነበረም። ራሱ ደመወዝ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የመጣው ከዚህ ዓይነቱ አስተዳደር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ «ግብሩ በቁጥር ይወሰን፤ በወረቀት ይጻፍ፤ ለገበሬውም ይነገረው» ቢል ከሹሙ አፍ እንጀራ ነጠቀ ማለት ነው።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ያሉት ልክ ይህን ነው።

የድሬዳዋው ነጋድራስ

ገብረ ሕይወት በሐምሌ 1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ዘምተው ሞቱ። ወራቱ ክፉ ቀን የሚባለው ነበር። ከብት በበሽታ አለቀ፤ ሰው በረሃብ ረገፈ። ልጁ ወደ ምጽዋ ወርዶ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም ገና ልጅ ሳለ ከወደብ በመርከብ ተሳፍሮ አውሮፓ ደረሰ። በኦስትሪያ አገር አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ወስዶ አሳደገው። ጀርመንኛ ተማረ። በበርሊንም ሕክምና አጠና።

አድገውና ተምረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠሩ። ምኒልክ ሲታመሙ ቤተ መንግሥቱ በወገን ተከፋፈለ። ገብረ ሕይወትም ለጥቂት ጊዜ አገር ለቀው መውጣት ግድ ሆነባቸው። በዚያ ጊዜ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ታተመ። ጽሑፉ የንጉሥ ውዳሴ አልነበረም። የነገሥታቱን ሥራ መዝኖ፣ ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ ይላል። ለዚያ ዘመን ይህ ራሱ ጉድ ነበር። በመጨረሻም አዲሱ ገዢ ልጅ ኢያሱ ሊያደርጉት የሚገባውን ይዘረዝራል።

ምክሩ ምን ነበር? የንጉሡ ኪስና የመንግሥት ካዝና ይለያይ። ገበሬው የሚከፍለው ግብር አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ሕግ ይጻፍ። ወታደሩ ይሠልጥን። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ይሁን። ጉምሩክ በአገሩ ሁሉ በአንድ ደንብ ይሂድ። ልጆች በአማርኛ ይማሩ። ሰው በሃይማኖቱ ነፃ ይሁን። ምሳሌ አድርገው የጠቀሱት ጃፓንን ነው። ጃፓን ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እኛ ዝግ አገር ነበረች፤ ዕውቀትን ወስዳ ግን ከኃያላን ተርታ ገባች።

እስቲ ምክሩን እንደ እህል በእጃችን ላይ እንፈትገው። የንጉሡ ኪስ ከካዝናው ከተለየ የሚጎዳው ማነው? የቤተ መንግሥቱ ሰው። ግብር በቁጥር ከተወሰነ የሚጎዳው ማነው? መልከኛው። በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሲቀር? የኬላው ጌታ። ሃይማኖት ነፃ ሲሆን? በግዝት የሚያስፈራራው። በአንድ ወረቀት ላይ የዘመኑን ጌቶች በሙሉ ነካኩ። ክርስቲያን ሆነው ሳሉ ለእስላሙም ነፃነት ጠየቁ። የድሬዳዋ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

ገብረ ሕይወት ወደ አገር ተመልሰው በመንግሥት ገንዘብ ቤትና በምድር ባቡር ቁጥጥር ሠሩ። በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ የሚሰበስበው እርሱ ነው። ድሬዳዋ በዚያን ጊዜ የአገሩ ዋና የንግድ በር ነበረች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ዕቃው ይብስ በዛ። ዓይን ያለው ሰው በዚህ በር ላይ ቆሞ ብዙ ያያል።

ገብረ ሕይወትም አዩ። የሚወጣውንና የሚገባውን አመዛዘኑ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ስለዚህ ነገር በሰፊው ይናገራል። ሐሳቡን በእኛ ምሳሌ እናስረዳው። አንድ ገበሬ በሬው ሲሞት ቆዳውን ገፎ ይሸጣል እንበል። ቆዳው በባቡር ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ጫማ ሆኖ ይመለሳል። ገበሬው ያንን ጫማ ለመግዛት ስንት ቆዳ መሸጥ አለበት? ጫማውን በመኪና የሚሠራው ሰው በአንድ ቀን ብዙ ይሠራል። እኛ በእጃችን የምንሠራው በብዙ ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስንገበያይ የብዙ ቀን ድካማችንን ለአንድ ቀን ሥራ እንለውጣለን። የሀብት ምንጩ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ደግሞ ዕውቀት ነው ይላሉ ገብረ ሕይወት። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በጦር ሜዳ ቢያሸንፍ እንኳ በገበያ ይሸነፋል ማለታቸው ነው። ከአድዋ ድል 20 ዓመት ያህል ቆይቶ ይህን መናገር ድፍረት ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ ከባዱ ነገር ይህ ነው።

ልብ በሉ፦ ገዢዎቹ ጠመንጃና ባቡር ይምጣ፣ አስተዳደሩ ግን እንደነበረ ይቆይ ነው የሚሉት። ገብረ ሕይወት ደግሞ አይሆንም አሉ። ጠመንጃውን የሠራው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ደግሞ ገበሬው በማይበዘበዝበት፣ ሕግ በተጻፈበት አገር ነው የሚያድገው። ቅጠሉን ቆርጠህ ብታመጣው አይበቅልም፤ ሥሩን ካላመጣህ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ሞቱ። መጽሐፋቸው ታትሞ የወጣው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ጳውሎስ መናመኖ የተባሉ ሰው አሳተሙላቸው።

አውሬዎቹ የተናገሩት

ከገብረ ሕይወት በኋላ ነገሩ አልቆመም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ቴአትር ጻፉ። በአገራችን የመጀመሪያው ቴአትር ይባላል። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው። ተመልካቹ ግን አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ገባው። ቤተ መንግሥቱም ገባው። ቴአትሩ ታገደ፤ መጽሐፉም እንዲሰበሰብ ታዘዘ። በአፈ ታሪክ ተሸፍኖ የቀረበው እውነት እንኳ አልተቻለም።

ተክለ ሐዋርያት ቆይተው የጨርጨር ገዢ ሆኑ። ዛሬ ጭሮ የምንላትን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ እርሳቸው ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። እነሆ፣ ሕግ ተጻፈ! ገብረ ሕይወት የተመኙት ሆነ? ግማሹ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ሥልጣናቸውም የማይደፈር ነው አለ። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስም የምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡለታል አለ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው የአያቶቻችን ተረት በቀለም ተጻፈ ማለት ነው። ሕዝቡ ራሱ ለምክር ቤት የመረጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ የተማሩ ሰዎችን ያስጠጉ ነበር። ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ከፍተዋል። እንደ ማልዜርብ ሐሳቡን ከወደዱት ወገን ናቸው ልንል እንችላለን። ነገር ግን አዲሱ ሐሳብ የጠቀማቸው የመኳንንቱን ጉልበት ለመስበር ነው። ጥያቄው ወደ ራሳቸው ዙፋን ሲዞር በሩ ተዘጋ።

አስራት በሕግ የቀረው በ1960 ዓ.ም. ነው። ገብረ ሕይወት ከሞቱ ወደ 50 ዓመት ሊሆን ነው! በእርሱ ፋንታ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ያስገርማል። የጎጃም ገበሬ ራሱ ተነሥቶ አዋጁን ተቃወመ። ጦር እስኪላክበት ድረስ እምቢ አለ። ሞኝነት ነው? አይደለም። ገበሬው መሬት ሲለካ ርስት እንደሚጠፋ ከሌላው አገር ሰምቷል። ቀላድ ይዞ የመጣ ሹም ሁሉ ለራሱ ቆርሶ ሲሄድ ታይቷል። አዋጁን ደግሞ ራሱ አንብቦ የተረዳው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ለዘመናት ሲታለል የኖረ ሰው መልካም ነገር ሲመጣለትም አያምንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ገባርና ጭሰኛ የሚባል ቀረ። ጉልቱም ሰሞኑም አብሮ ቀረ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ ዩኔስኮም ለዘመቻው ሽልማት ሰጠ። ያው መንግሥት ግን ሕዝቡ ማንበብ እንዲችል ሲያስተምር፣ የሚነበበውን ራሱ መርጦ መስጠት ፈለገ። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ታትሞ ወጣ። ስለ ባለሥልጣኖቹ ሥራ የሚናገር ልብ ወለድ ነበር። ወዲያው ታገደ፤ ከየሱቁም ተለቀመ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ።

ተወያዩ

በአካባቢያችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ በአያቶቻቸው ጊዜ ለመልከኛው ምን ምን ይከፈል ነበር? የተናገሩትን በደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ቤታችሁ ያለውን የግብር ደረሰኝ አውጥታችሁ አንብቡ። ስንት ብር፣ በስንት ቀን፣ በማን እጅ ይላል?

የጎጃም ገበሬ አዋጁን ራሱ ቢያነብ ኖሮ ይቀበለው ነበር? ወይስ አይቀበለውም? ለምን?